የዘር ነገርና የሰው ክብር

«ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው አነጋገር በአገራችን ያረጀ ነው። የሚያስተምረውም ሰውን የሚመራው ከተማረውና ከታዘዘው ይልቅ ከወገኑ የወረሰው ነው የሚል ሐሳብ ነው። ቋንቋችንም በጠቅላላው ይህን ሐሳብ ተሸክሞ ይኖራል። የደግ ሰው ልጅ ደግ ሲሆን «አጥንቱ ነው» እንላለን፤ የክፉ ሰው ልጅ ሲከፋ «ደሙ ነው» እንላለን፤ ልጃችንን ለመዳር ሽማግሌ ሲመጣብንም ስለ ጠያቂው ጠባይ ከመጠየቃችን በፊት የማን ወገን እንደሆነ እናጣራለን።

ነገሩ በአነጋገር ብቻ ቢቀር ባልከፋ ነበር። ነገር ግን ሰው በዘሩ ምክንያት ይከበራል፤ በዘሩ ምክንያት ይናቃል፤ ከዚህም አልፎ በዘሩ ምክንያት ይገደላል። እንግዲህ የምንጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፤ ከአባትና ከእናት በደም የሚተላለፈው ነገር ምንድን ነው? የሚተላለፈውስ ነገር ክብርን ወይም ውርደትን አብሮ ይዞ ይመጣልን?

አባቶቻችን በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ በደም ውስጥ ያለውን ገልጠው የሚያዩበት መሣሪያ አልነበራቸውም። የዛሬ ሰው ግን አለው። ስለዚህ በደፈናው ከመከራከር ይልቅ ከሰው ዘረ መሎች መካከል አንዱን ብቻ መርጠን፣ ምን እንደሚሠራና ሲበላሽ ምን እንደሚያደርስ ተመልክተን፣ ከዚያ ወደ ጋሞ ተራሮች እንሄዳለን። ለምሳሌ የሚሆነንን ግን ከወዲሁ ከዚያው ከጋሞ እንዋሳለን።

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣ መንገደኛ፣ አባያና ጫሞ ሐይቆች ከበታቹ እየራቁ ሲሄዱ፣ ዶርዜ ላይ ሲደርስ የዝሆን ራስ የሚመስሉ ረጃጅም ቤቶች ያያል። ቤቱ ከተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ቅርጫት ይጎነጎናል እንጂ እንደ ሌላው አገር ቤት በምሰሶና በጭቃ አይቆምም። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ባለቤቱ የተበላውን ቆርጦ ይጥለዋል፤ ቤቱም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል እንጂ አይፈርስም። ቦታ መለወጥ ሲያስፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ይወስደዋል። ለዚህ ነው የዶርዜ ቤት ባለቤቱን ሙሉ ዕድሜውን ሊያኖረው የሚችለው።

የሰውነታችን ሕዋስ ወጋግራና ማገርም ከሌላው ቤት ይልቅ ለዚህ ቤት ይቀርባል። በየሕዋሱ ውስጥ አክቲን ከተባለ ፕሮቲን የተገመዱ ክሮች አሉ። የክሩ ውፍረት 7 ናኖሜትር ያህል ነው፤ ናኖሜትር ማለትም ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛው እጅ ነው። ክሩ በአንደኛው ጫፍ ሲቀጠል በሌላው ጫፍ ይፈታል፤ የተፈታውም ተመልሶ ለሌላ ክር መሥሪያ ይሆናል። ሕዋሱ ወደ ፊት መሄድ ሲያስፈልገው በፊቱ በኩል ክሩን ያበዛል፤ ክሩም ሽፋኑን እየገፋ ወደ ፊት ይዘረጋዋል። ነጭ የደም ሕዋስ ጀርም ሲያገኝ በዚሁ ክር እንደ እጅ ያለ ነገር አውጥቶ አቅፎ ይውጠዋል። አክቲንን ከጡንቻ ለይቶ ያወጣው ብሩኖ ሽትራውብ የተባለ የሀንጋሪ ሊቅ ሲሆን፣ ይህም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1942 ሴገድ በምትባለው ከተማ ነበር። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም የውጭ አገር ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ከአክቲን ዓይነቶች አንዱ፣ ቤታ አክቲን የሚባለው፣ በሰውና በዶሮ ዘንድ አንድ ነው፤ ከሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች አንዱ እንኳ አይለያይም። ስለዚህ በደሙ ንጽሕና የሚመካ ሰው፣ ቢያንስ በዚህ በኩል፣ ከጓሮው ዶሮ የሚለይበትን ማስረጃ ሊያቀርብ አይችልም። ስለ ጎረቤቱማ ባይናገር ይሻለዋል።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ክሩ በየት ቦታና በምን ሰዓት እንዲሠራ የሚያዝዙ ሌሎች ፕሮቲኖች አሉ። ከእነዚህ የአንዱ ዘረ መል ኤክስ በተባለው ክሮሞሶም ላይ ሲገኝ፣ በሊቃውንት መዝገብ ስሙ «ዋስ» ተብሎ ይነበባል። ይህ ስም ከሁለት ሐኪሞች ስምና ከበሽታው መጠሪያ የመጀመሪያ ፊደሎች የተገጣጠመ ምሕጻረ ቃል ነው፤ ከአማርኛው ዋስ ጋር መመሳሰሉ ድንገት የመጣ ነው። ይሁን እንጂ ሥራው ሲታይ የእኛ ቃል ደኅና አድርጎ ይገልጠዋል። ፕሮቲኑ ሥራ በሌለበት ጊዜ በራሱ ላይ ታጥፎ ተዘግቶ ይቀመጣል። ከውጭ መልእክት ሲደርስ ሌላ ፕሮቲን መጥቶ ይፈታዋል፤ እርሱም ከተፈታ በኋላ አርፕ የተባለውን የፕሮቲኖች ጓድ ይቀሰቅሳል፤ ጓዱም በነባሩ የአክቲን ክር ጎን አዲስ ቅርንጫፍ ያበቅላል። ቅርንጫፉ ሌላ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ እንዲህ እያለ መረቡ ይጠናከራል። ፕሮቲኑ የሚሠራው በደም ሕዋሳት ውስጥ ነው። ነጭ የደም ሕዋስ ጀርምን ተከታትሎ የሚይዘው፣ ከባልንጀራው ሕዋስ ጋርም ተጠግቶ ወሬ የሚለዋወጠው ይህ ዋስ ሲኖር ነው።

ዋሱ ሲታጣ ምን ይሆናል? በ1937 አልፍሬድ ቪስኮት የተባለ የጀርመን የሕፃናት ሐኪም ስለ ሦስት ወንድማማቾች ጻፈ። ሕፃናቱ ይደሙ ነበር፤ ገላቸውን ችፌ ይዞት ነበር፤ ጆሯቸው ይመግል ነበር፤ ሦስቱም ሞቱ። እኅቶቻቸው ግን ደኅና ነበሩ። በ1954 ሮበርት ኦልድሪች የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የአንድ ቤተ ሰብን የትውልድ ሐረግ ጽፎ፣ በሽታው በጤነኞች እናቶች በኩል ወደ ወንዶች ልጆች እንደሚወርድ አሳየ። ምክንያቱም ሴት ኤክስ የተባለው ክሮሞሶም ሁለት ሲኖራት ወንድ ያለው አንድ ብቻ ነው። እርሷ አንዱ ቢበላሽባት ሌላው ይተካላታል፤ እርሱ ግን ምትክ የለውም። ዘረ መሉ ራሱ ተለይቶ የታወቀው በ1994 ነው። በዚህ በሽታ የተያዘ ሕፃን ደም አርጊ ሕዋሶቹ ጥቂትና ከሌላው ሰው ያነሱ ናቸው፤ ስለዚህም ትንሽ ቁስል ብዙ ያደማዋል፤ ነጭ የደም ሕዋሶቹም ጀርሙን ፈጥነው ሊደርሱበት አይችሉም። በሽታው በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ሰዎችን የሚይዝ ነው፤ ይይዛቸዋል የተባለ አንድ ነገድ ወይም አንድ አገር ግን የለም።

እንግዲህ ደም አንዳች ነገር አያወርስም ብለን ለመከራከር አንችልም። ያወርሳል፤ ያውም እስከ ሞት የሚያደርስ ነገር ያወርሳል። ነገር ግን ከዚህ ውስጥ ማንን እንወቅሳለን? እናቲቱ የተበላሸውን ፊደል መርጣ አልሰጠችም፤ በውስጧ መኖሩንም አታውቅም። አንዳንድ ጊዜም ስሕተቱ ከወላጆቹ በአንዳቸውም ሳይኖር በልጁ ይጀምራል። በአገራችን ልጅ አልበረክትላት ያለች ሴት «ሾተላይ አለባት» ይባል እንደነበረ፣ ባልም በዚህ ምክንያት ሚስቱን ይፈታ እንደነበረ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ዛሬ ሐኪሞች ሾተላይ የሚሉት የእናቲቱ ደም አር ኤች ከተባለው ምልክት ነጻ ሆኖ የሕፃኑ ደም ምልክቱን ከአባቱ ሲወርስ የሚደርሰውን ነው፤ ለዚህም መከላከያ መርፌ አለው። ነገሩ በሁለት ደሞች መካከል ያለ አለመጣጣም ሆኖ ሳለ በደሉ በሙሉ በአንዲቱ ላይ ተጽፎ ኖረ። ሴቶቹ ተፈትተው ወደ አባታቸው ቤት ሲመለሱ ማንም ይቅርታ አልጠየቃቸውም።

ወደ ደቡብ ስንወርድ ይህን የሚመስል ሌላ ነገር እናገኛለን። በወላይታ፣ በጋሞና በሌሎችም ደጋማ አገሮች ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ቀይ አፈር አለ። በዚህ አፈር ላይ ዘመኑን ሁሉ በባዶ እግሩ የሚሄድ ገበሬ እግሩ ቀስ በቀስ ሊያብጥ ይችላል፤ ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው፣ ሐኪሞች ደግሞ በትንኝ ከሚመጣው ዝሆኔ ለይተው ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ነው። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በኢትዮጵያ ሳለ በጥንቃቄ አጥንቶ መነሻው አፈሩ መሆኑን አስረዳ፤ የአፈሩ ደቃቅ ብናኝ በእግር ቆዳ ገብቶ፣ ያን በአክቲን ክር የሚውጠው ሕዋስ ሲውጠው፣ ሊፈጨው ስለማይችል በውስጡ ተቀምጦ ይቀራል። ነገር ግን በአንድ ማሳ ላይ በባዶ እግራቸው ከሚያርሱት ሁሉ የሚታመሙት ጥቂቶች፣ የሚበዙትም በአንዳንድ ቤተ ሰብ ውስጥ ናቸው። በ2012 በወላይታ ሕዝብ ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ሲወጣ ለዚህ የሚያጋልጥ የዘረ መል ልዩነት መኖሩን አሳየ።

ሕዝቡ «ይህ በሽታ በዘር ነው» ማለቱ እንግዲህ ከእውነት ፈጽሞ የራቀ አልነበረም። የተሳሳተው ከዚያ በኋላ ባለው እርምጃ ነው። በዘር ነው ካለ በኋላ የዚያን ቤት ሴት ልጅ ለጋብቻ መጠየቅ ተወ፤ ከታመመው ጋር አብሮ መብላትን ፈራ። ዘረ መሉ ግን ብቻውን ማንንም አያሳብጥም፤ ልጁ ገና እግር ሲተክል ጫማ ቢያደርግና እግሩን በሳሙና ቢታጠብ በሽታው አይደርስበትም። ዘር ያደረገው ተጋላጭነትን ማውረስ ነው፤ ቀሪውን የሠራው ጫማ ማጣት ነው። የጫማ ማጣትን ነገር በደም ማሳበብ ደግሞ ጫማ ከመግዛት ይልቅ እንደሚረክስ ማንም ያውቃል።

ይህን ያህል ከተዘጋጀን በኋላ ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በጋሞ ተራሮች ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በሦስት ወገን ይከፈላሉ። ማላ የሚባሉት የመሬት ባለቤቶች፣ አራሾችና ሸማኔዎች ናቸው። ማና የሚባሉት ሸክላ የሚሠሩ ናቸው። ደጋላ የሚባሉት ቆዳ ይፍቃሉ፣ ብረት ይቀጠቅጣሉ። ልማዱ ከአጥቢያ አጥቢያ ቢለያይም፣ በአያሌ ቦታ ማናና ደጋላ ከማላ ጋር አይጋቡም ነበር፤ በአንድ መቃብር አይቀበሩም ነበር፤ ርስትም አልነበራቸውም። ይህን የመሰለ ልማድ የጋሞ ብቻ አይደለም። በአማራው አገር ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ እየተባሉ ሲሸሹ ኖረዋል፤ ሌሎቹም የኢትዮጵያ ሕዝቦች የየራሳቸው እንዲህ ያለ ታሪክ አላቸው። ጋሞን ለይተን ለማማት አለመነሣታችንን አንባቢ ይረዳልን።

በዚህ ነገር ውስጥ እጅግ የሚያስደንቅ አንድ ነገር አለ። ሸማኔነት በጋሞ ተራሮች የማላ፣ ማለትም የተከበረው ወገን፣ ሥራ ነው። ያው የዶርዜ ሸማኔ ከተራራው ወርዶ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ላይ ሲደርስ ግን እንደ ተናቀ ሠራተኛ ተቆጠረ። ስድቡን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም፤ በዕድሜ የገፉት ሁሉ ሰምተውታል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ከልክ ስላለፈ ነው። እንግዲህ ያ ሸማኔ ከጨንቻ ተነሥቶ አዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ ደሙ ተለወጠን? በመንገድ ላይ የተለወጠው የሚያዩት ሰዎች ዓይን ነው። እርሱ ራሱስ በአገሩ ሳለ ሸክላ ሠሪዋን በምን ዓይን ያያት ነበር? ይህንን መጠየቅ ደስ አያሰኝም፤ ቢሆንም መጠየቅ አለበት።

«የእነዚህ ሰዎች መነሻቸው ሌላ ነው፤ ከእኛ ጋር የሚያገናኛቸው አጥንት የለም» የሚለው ክርክር በብዙ ቦታ ይሰማል። ከጋሞ በስተ ምዕራብ በኩል የሚኖረው የአሪ ሕዝብም አራሾችና ቀጥቃጮች ተብሎ ተለያይቶ የኖረ ነው። ሊቃውንት የሁለቱን ወገኖች ዲ ኤን ኤ መርምረው ልዩነት ማግኘታቸው አልቀረም፤ አንዳንዶቹም ይህን ሲያዩ ቀጥቃጮቹ የጥንት ነዋሪዎች ቅሪት፣ አራሾቹ ኋላ የመጡ ሳይሆኑ አይቀሩም ብለው ገመቱ። በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት ግን ያንኑ መረጃ በረቀቀ ዘዴ እንደገና መርምሮ፣ ሁለቱም ከአንድ ሕዝብ እንደወጡና የተለያዩትም ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ መሆኑን አስረዳ። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ቀጥቃጮቹ ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ ስለ ተከለከሉና ቁጥራቸውም ትንሽ ስለሆነ፣ እርስ በርሳቸው ብቻ እየተጋቡ ሲኖሩ ደማቸው ቀስ በቀስ የራሱን መልክ ያዘ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። ደም ስለ ተለየ ንቀት መጣ ሲባል ኖረ፤ በምርመራ የተገኘው ግን ንቀት ስለ መጣ ደም መለየቱ ነው። ሰዎች አጥር ሠሩ፤ አጥሩ በአካል ውስጥ ምልክት ተወ፤ ከዚያ በኋላ የልጅ ልጆቻቸው ምልክቱን አይተው «አጥሩ የተሠራው በዚህ ምክንያት ነው» ይላሉ። ይህን ከመሰለ ክብ ለመውጣት ብዙ ትጋት ያስፈልጋል።

በዚያው በ2015 ከራሱ ከጋሞ የመጣ ምስክር ተሰማ። ሞታ በተባለው የጋሞ ዋሻ ውስጥ የ4,500 ዓመት ዕድሜ ያለው የአንድ ጎልማሳ አጽም ተገኝቶ ነበር። ተመራማሪዎቹን በአካባቢው የመሩት የአገሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ለአጽሙም «ባይራ» የሚል ስም ወጣለት፤ በጋሞኛ በኵር፣ የመጀመሪያ ልጅ ማለት ነው። ከጆሮው ሥር ካለው ጠንካራ የራስ ቅል አጥንት ዲ ኤን ኤው ወጥቶ በሙሉ ተነበበ፤ ከአፍሪካ ምድር ከተገኙ ጥንታውያን አጽሞች በሙሉ የተነበበው የመጀመሪያው ይህ ሆነ። ዓይኑ ቡናማ፣ ቆዳው ጥቁር እንደነበረ፣ ከፍ ባለ ተራራ ላይ ለመኖር የሚረዱ ምልክቶች እንደነበሩት፣ ካደገ በኋላ ወተት የሚያስችለው የታወቀ ምልክት ግን እንዳልነበረው ታወቀ። ከዛሬ ሰዎች መካከል ከተነጻጸሩት ይበልጥ የሚቀርቡት አሪዎች ሆነው ተገኙ።

ባይራ በዋሻው ሲቀበር በተራሮቹ ላይ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው አልነበረም፤ ብረት ገና አልታወቀምና። እንግዲህ በብረት ሥራ ምክንያት የሚናቅ ዘርም ሊኖር አይችልም ነበር። ከእርሱ ዘመን ሰዎች የወረዱት ልጆች ኋላ አንዳቸው ማረሻ፣ አንዳቸው መዶሻ ያዙ። አራሹ ያረሰበትን ማረሻ የሠራለት ቀጥቃጩ ነው።

ነገር ግን በዚህ ምስክርነት ብዙ ደስ ከመሰኘታችን በፊት ልንጠነቀቅ ይገባል። ስለ ባይራ የጻፉት ሊቃውንት ከእስያና ከአውሮፓ በኩል ወደ አፍሪካ የተመለሰ ሕዝብ ደም በአህጉሩ ሁሉ ተሠራጭቷል ብለው ነበር፤ በ2016 በሒሳቡ አሠራር ላይ ስሕተት መግባቱን ራሳቸው ገልጠው አረሙት። ማረማቸው ያስመሰግናቸዋል፤ የሳይንስ ወጉም ይኸው ነው። ነገር ግን የሸክላ ሠሪዋ ክብር በእንዲህ ያለ ሰነድ ላይ የተመሠረተ ቢሆን ኖሮ፣ በየጊዜው እርማት በወጣ ቁጥር ክብሯም ሲወጣና ሲወርድ ይኖር ነበር። የአሪው ጥናት የተገላቢጦሽ ሆኖ፣ ቀጥቃጮቹ በእርግጥ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው ቢል ኖሮስ? ያን ጊዜ መናቃቸው ተገቢ ይሆን ነበርን? ማንም ሕሊና ያለው ሰው አዎን አይልም። እንግዲያው ጥናቱ ያፈረሰው የናቂዎችን ሰበብ ነው እንጂ፣ የተናቁትን መብት የሰጠው እርሱ አይደለም። መብቱ ቀድሞም ነበረ።

በዚህ ነጥብ ላይ ከአንዳንድ ቅን ወዳጆቻችን ጋር አንስማማም። እነርሱ «ሰው ሁሉ በዘረ መሉ አንድ ስለሆነ እኩል ነው» ይላሉ። አነጋገሩ ያማረ ነው፤ ግን አደገኛ ነው። የዋሱ ዘረ መል የተበላሸበት ሕፃን በዚያ ነጥብ ከሌላው ጋር አንድ አይደለም። እኩልነቱ በአንድ ዓይነትነት ላይ የቆመ ከሆነ ይህ ሕፃን ከእኩልነት ጎደለ ማለት ነው። እኛ ግን በተቃራኒው ስለ እርሱ የበለጠ እንደክማለን፤ በ1968 ይህን በሽታ ለማዳን ከሌላ ሰው የተወሰደ የአጥንት መቅኔ ለአንድ ሕፃን መሰጠቱ፣ ከዚያም ወዲህ ብዙዎች በዚህ መንገድ መዳናቸው ለዚሁ ምስክር ነው። ሐኪሞቹ ሕፃኑን የተቀበሉት ከእነርሱ ጋር አንድ ዓይነት ዘረ መል ስላለው አልነበረም፤ ስለ ጎደለው ነበር።

ሌላም ክርክር አለ፤ እርሱን ቸል ማለት አይገባም። «ሥራ በዘር በመያዙ ጥበቡ ሳይጠፋ ቆየ፤ ሸክላውም፣ ብረቱም፣ ቆዳው ፋቂውም ዕውቀቱን ጠብቆ አቆየልን» ይባላል። ጥበቡ መጠበቁ እውነት ነው። ነገር ግን እንዴት ተጠበቀ? የማና ሴት ልጅ ከእናቷ ሥር ተቀምጣ ጭቃውን ስትረግጥ፣ ገሉን ስትፈጭ፣ እሳቱ መቼ እንደሚበቃ በጭሱ ስትለይ ዓመታት ፈጅታ ተማረችው። በደሟ ውስጥ ያለው ክር ከማላዋ ልጅ ክር ጋር አንድ ነው፤ የሸክላን ነገር አንዳች አያውቅም። ያቺን ልጅ በሕፃንነቷ ወስደው ከአራሽ ቤት ቢያሳድጓት ድስት አትሠራም ነበር። ስለዚህ ጥበቡ ያለው በትምህርት ነው፤ ትምህርት ደግሞ ለማንም ሊሰጥ ይችላል፤ ተማሪውን መናቅም ለትምህርቱ አያስፈልግም። መናቅ ያስፈለገው ለሌላ ጉዳይ ነው፤ መሬቱን ለብቻ ለመያዝ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ መሬት የሌላቸው ሠራተኞች መሬት የማግኘት መብት በሕግ አግኝተዋል፤ በኑሮው ግን ሕግና ልማድ እኩል አልተራመዱም።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ የጋሞን ሽማግሌዎች ስም በክብር ሳናነሣ ማለፍ አይቻለንም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው ሰዎች በወገናቸው ምክንያት ተገደሉ፤ ብዙዎችም ተፈናቀሉ፤ ከእነርሱም ውስጥ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቶች ተቈጥተው የገዳዮቹ ወገን ናቸው ባሏቸው ጎረቤቶች ላይ ሊበቀሉ ተነሡ። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በጎዳናው ላይ ተንበረከኩ። በልማዳቸው ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ መሄድ አይቻልም፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ልጆቻቸው የሞቱባቸው ሰዎች ናቸው እንግዲህ በዚያ ቀን ሌላው ሰው በማይሠራው በደል በደሙ ምክንያት እንዳይጠየቅ ያደረጉት። ስለ ዘረ መል መጽሐፍ ያነበበ ሰው በመካከላቸው አስፈልጎ አልነበረም።

የእኛም ጥያቄ ከዚሁ ይነሣል። በዚያ ቀን ሽማግሌዎቹ ያጸኑት ሐሳብ በደል በደም አይወረስም የሚል ነው። በደል በደም ካልተወረሰ ዝቅተኝነት እንዴት ይወረሳል? ሁለቱ አንድ ሥር ያላቸው አይደሉምን? በደለኛ መሆን እንኳ ቢያንስ አንድ ሰው አንድ ጊዜ የሠራው ሥራ አለው፤ ማና መሆን ግን ድስት ከመሥራት በቀር ምንም ክስ የለበትም።

መምህራን በክፍላቸው፣ ሹማምንት በቢሮአቸው ይህን ጉዳይ በተመለከተ የሚያደርጉት ብዙ ነው። ተማሪዎችን አደባልቆ ማስቀመጥ፣ ሠራተኛን በችሎታው መቅጠር፣ ለዝሆኔ ሕመምተኛ ጫማና ሳሙና ማቅረብ፣ ልጅ ለሞተባት እናት ጥፋቷ አለመሆኑን በሚገባት ቋንቋ መንገር በመመሪያም በደመወዝም የሚሠራ ነው። ጋብቻና መቃብር ግን በመመሪያ አይታዘዙም። እነዚህ የሚወሰኑት በዱቡሻ ነው፤ የጋሞ ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት፣ ማንም ተነሥቶ ሊናገር በሚችልበት በዚያ አደባባይ። እዚያም ገና መልስ የሚጠብቅ ነገር አለ፤ በአርባ ምንጭ ጎዳና ሣር ይዞ የተንበረከከው ሽማግሌ፣ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ አስተማሪ ሆኖ፣ ዘመዶቹን ልኮ የሽማግሌውን ሴት ልጅ ቢጠይቅ ምን ይመልስለት ይሆን?